በቁጥጥር ሥር የዋለ አስም እንቅልፍን፣ ሥራንና ትምህርትን ይመልሳል

ኅዳር ገብቶ ሰብል መሰብሰብ ሲጀመር አውድማ የደስታ ስፍራ ነው። በሬዎች በእህሉ ላይ ይዞራሉ፤ የተወቃው እህል በመንሽና በላይዳ ወደ ነፋስ ይበተናል፤ እብቁም እንደ ጉም ይነሣል። የዓመት ልፋቱን ወደ ጎተራ ለሚያስገባ አርሶ አደር ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። በዚያው አውድማ ላይ ግን የእብቁን መነሣት በስጋት የሚመለከት ሰው አይጠፋም። ቀኑን በአቧራ ውስጥ ውሎ ማታ ሲተኛ ሳል ይጀምረዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ደረቱ ተጨንቆ፣ ትንፋሹ እያፏጨ ከመኝታው ይነሣና ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ያነጋል። በማግስቱ ጎረቤት “ብርድ መትቶት ነው” ይላል፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ይሰጠዋል። ሻል ሲለው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ግን ያው ሌሊት ይደገማል።

ደረት የሚያስጨንቅ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥርና የሚያፏጭ፣ ሌሊትና ማለዳ የሚብስ፣ መጣ ሄድ የሚል እንዲህ ያለ ሕመም ብዙ ጊዜ አስም ሆኖ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም 262 ሚሊዮን ሰዎች ከአስም ጋር ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ሰዎች በዚሁ ሕመም ሕይወታቸውን አጥተዋል። አብዛኛው ሞት የሚደርሰው በዝቅተኛና በዝቅተኛ መካከለኛ ገቢ በሚተዳደሩ አገሮች ነው። ምክንያቱም በእነዚህ አገሮች ሕመሙ በወቅቱ አይታወቅም፤ ቢታወቅም ተገቢው መድኃኒት ሳይቋረጥ አይወሰድም።

አስም የከተማ ሕመም ነው የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመው፣ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኝ ገጠር የተካሄደ ጥናት ሕመሙ ከገጠሩ ይልቅ በከተማ ነዋሪዎች ላይ በብዛት መታየቱን አመልክቷል። ይሁን እንጂ ገጠሩ ከአስም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ከጤና ተቋም በራቀ አካባቢ የሚኖር ሕመምተኛ ጥቃት ሲደርስበት የሚጠብቀው አደጋ ከከተማው ሕመምተኛ የከፋ ነው።

በሳንባ ውስጥ የሚሆነው

አስምን ለመቆጣጠር በቅድሚያ ምንነቱን መረዳት ያሻል። ወደ ሳንባ አየር የሚያስገቡት ቧንቧዎች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈሉና እየቀጠኑ ይሄዳሉ። አስም ባለበት ሰው የእነዚህ ቧንቧዎች ውስጠኛ ግድግዳ ብግነት አለበት፤ ማለትም የተቆጣና ያበጠ ነው። ጭስ፣ አቧራ፣ ቅዝቃዜ ወይም ጉንፋን ሲነካው ሦስት ነገሮች ባንድ ላይ ይከሠታሉ፦ እብጠቱ ይጨምራል፣ ቧንቧውን የከበቡት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፣ ወፍራም አክታ ይመነጫል። በደለል የጠበበ የመስኖ ቦይ ውሃውን በወጉ እንደማያሳልፍ ሁሉ የጠበበው ቧንቧም አየሩን በወጉ አያሳልፍም። የሚሰማው ፉጨት አየሩ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ የሚያወጣው ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሕመምተኞች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። ጥቃቱ ሲያልፍ ጡንቻው ይላላል፣ ትንፋሹም ይመለሳል፤ ብግነቱ ግን በቦታው ይቆያል። ሰውየው “ዳንኩ” ብሎ መድኃኒቱን በሚያቆምበት ወቅት ቧንቧው ለቀጣዩ ጥቃት የተዘጋጀ ነው። አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በቤተሰብ ውስጥ ግን የመደጋገም ዝንባሌ አለው። እስካሁን ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት አልተገኘም። ሆኖም በአግባቡ ከታከመ አብዛኛው ሕመምተኛ ያለ ጥቃት፣ ሙሉ ሌሊት ተኝቶ፣ የዕለት ሥራውን ሠርቶ መኖር ይችላል። የሕክምናው ግብም ይኸው ነው።

ቁጥጥር የሚለካው በ4 ጥያቄዎች ነው

እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአስም መከላከል ኅብረት ሐኪሞች ሕመሙ በቁጥጥር ሥር መዋል አለመዋሉን የሚለዩባቸውን 4 ጥያቄዎች አስቀምጧል። ጥያቄዎቹ ማንኛውም ሰው በቤቱ ሆኖ ሊመልሳቸው የሚችላቸው ናቸው። ሁሉም የሚመለከቱት ያለፉትን 4 ሳምንታት ነው።

የመጀመሪያው፦ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት መጨነቅ ቀን ላይ በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ ታይቷል ወይ? ሁለተኛው፦ አስሙ ከእንቅልፍ ቀስቅሷል ወይ? ሦስተኛው፦ ማስታገሻው መድኃኒት በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ አስፈልጓል ወይ? አራተኛው፦ በአስሙ ምክንያት የተተወ ወይም የተቀነሰ ሥራ አለ ወይ?

ለአራቱም ጥያቄዎች መልሱ “የለም” ከሆነ አስሙ በጥሩ ቁጥጥር ሥር ነው። አንድ ወይም ሁለት “አዎ” ካለ ቁጥጥሩ ከፊል ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕመሙ ከቁጥጥር ውጭ ስለሆነ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ከአራቱ ጥያቄዎች በጥንቃቄ መመለስ ያለበት የመጨረሻው ነው። ለዓመታት ከአስም ጋር የኖረ ሰው ሳያውቀው ሕይወቱን በሕመሙ ልክ ያጠብባል። ዳገቱን ትቶ በዙሪያው ባለው መንገድ ይሄዳል። ወፍጮ ቤት የሚሄደው ልጁ ነው። ለቅሶና ሠርግ ቤት ጭስ አለ ብሎ ይቀራል። ከዚያም “እንዴት ነህ?” ሲባል “ደኅና ነኝ” ይላል፤ ደኅና የሆነው ግን ብዙ ነገር በመተዉ ነው። የጤና ባለሙያ ሲጠይቅም “አልታመምኩም” ከማለት ይልቅ ምን ምን ሥራ እንደተወ መናገር ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ከቁጥጥር ውጭ የሆነ አስም የሚወስደው

በመጀመሪያ የሚጎዳው እንቅልፍ ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስት ሌሊት ተቀምጦ የሚያነጋ ሰው ቀን ላይ ይደክማል፣ ይነጫነጫል፣ ትኩረቱ ይበታተናል። አርሶ አደሩ የእርሻ ቀን ያልፈዋል። ዝናብ የሚጠብቀው ሰው የለምና ለ3 ቀን የታመመ ገበሬ የዘር ወቅት ሊያመልጠው ይችላል፤ የሦስት ቀን ሕመም የዓመት ምርት ይቀንሳል ማለት ነው። በከተማም የቀን ሠራተኛው የቀረበት ቀን ደመወዝ የለውም።

ልጆች ደግሞ ከትምህርት ገበታ ይቀራሉ። ከጓደኞቹ ጋር ሲሮጥ የሚያስለው ልጅ “ደካማ” ይባላል፤ ቀስ በቀስ ከጨዋታ ይርቃል። አስሙ በቁጥጥር ሥር ከዋለ ግን ልጁ እንደ እኩዮቹ መሮጥና ኳስ መጫወት ይችላል፤ እንቅስቃሴም ለጤናው ይጠቅመዋል። ለአስም ሕመምተኛ ልጅ ስፖርትን መከልከል መፍትሔ አይሆንም፤ መፍትሔው ሕክምናውን ማስተካከል ነው።

በአእምሮ ላይ የሚያሳድረው ጫናም ቀላል አይደለም። ትንፋሽ ያጠረበት ሰው የሞት ፍርሃት ይሰማዋል። ያንን ሌሊት ያየ ሰው ቀጣዩን በመፍራት ከቤት መራቅ፣ ብቻውን ማደር፣ መንገድ መውጣት ይሸሻል። “አስም አለባት” መባልን ለትዳር እንቅፋት አድርገው የሚያዩ በመኖራቸው ሕመማቸውን የሚደብቁ ወጣቶችም አሉ። የተደበቀ ሕመም ደግሞ ሕክምና አያገኝም።

ነፍሰ ጡር እናቶችን የሚመለከተው ጉዳይ ለብቻው ሊነሣ ይገባል። ብዙ እናቶች ጽንሱን ይጎዳል በሚል ስጋት የአስም መድኃኒታቸውን ያቆማሉ። ነገር ግን ለጽንሱ ከመድኃኒቱ ይልቅ አደገኛው የእናቲቱ ትንፋሽ ማጠር ነው፤ እናት በቂ አየር ካላገኘች ጽንሱም አያገኝም። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት የአስም ሕክምናዋን በሐኪም ክትትል መቀጠል ይኖርባታል።

ሁለቱ መድኃኒቶች የተለያየ ሥራ አላቸው

አስም በቁጥጥር ሥር ከማይውልባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የሁለት ዓይነት መድኃኒቶችን ልዩነት አለመረዳት ነው። አንደኛው ማስታገሻ ነው። በአብዛኛው ሳልቡታሞል የተባለው በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ሲሆን የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ውጤቱም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ሁለተኛው ተቆጣጣሪ ነው። ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ የተባሉት በአፍ የሚሳቡ መድኃኒቶች ከዚህ ወገን ናቸው፤ ሥራቸውም ብግነቱን ቀስ በቀስ ማብረድ ነው። ሕመም ቢኖርም ባይኖርም በሐኪም ትእዛዝ መሠረት በየቀኑ ይወሰዳሉ፤ ጥቅማቸው ሙሉ በሙሉ የሚታየው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ነው።

ችግሩ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ማስታገሻው ወዲያው ስለሚያሽር ይወደዳል፤ ተቆጣጣሪው ወዲያው ለውጥ ስለማያሳይ “አይሠራም” ተብሎ ይጣላል። ማስታገሻውን ብቻ የሚጠቀም ሰው አረሙ ሰብሉን እስኪበልጥ ጠብቆ እንደሚያርም ገበሬ ነው፤ ለጊዜው ማሳው የጸዳ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ከመሬት አልወጣም። ዓለም አቀፉ የአስም መከላከል ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎችና ለታዳጊዎች ማስታገሻን ብቻውን መስጠት እንዲቀር የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ማስታገሻው ብግነቱን ስለማያክም በእሱ ላይ ብቻ መደገፍ ለከባድ ጥቃት ያጋልጣል። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ዕቃ ውስጥ ያጣመሩ መድኃኒቶችም አሉ፤ የትኛው ለማን እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ በተለምዶ “ፓፍ” የሚባለው፣ ሱስ ያስይዛል ወይም የሚሰጠው ሕመሙ ለጸናበት ሰው ብቻ ነው የሚለው ወሬ ብዙዎችን አርቋል። ይህ እውነት አይደለም። ፓፍ መድኃኒቱን በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚያደርስ የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፤ ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል የሚደርሰውም አነስተኛ ነው። በአንጻሩ የሳልቡታሞል ኪኒን በሆድ በኩል ዞሮ ስለሚደርስ ይዘገያል፤ የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ መምታትም ያመጣል። ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ኃይለኛ የስቴሮይድ ኪኒን ወይም መርፌ እየወሰዱ ማለፍም በጊዜ ሂደት ለስኳር ሕመም፣ ለደም ግፊት፣ ለአጥንት መሳሳትና ለዓይን ሞራ ያጋልጣል።

ወጪውም ቢሆን ሲሰላ ውጤቱ ሌላ ነው። ሕመምተኛው ተቆጣጣሪውን መድኃኒት ውድ ነው ብሎ ይተወዋል፤ በዓመት ውስጥ ለድንገተኛ ሕክምና፣ ለመጓጓዣ፣ ለአስታማሚ ስንቅና ለቀረው ሥራ የሚያወጣውን ግን አይደምረውም። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት መድኃኒቱን በምን መልኩ ማግኘት እንደሚችሉ ከጤና ጣቢያቸው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

አወሳሰዱ ካልተስተካከለ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል

ትክክለኛ መድኃኒት ይዞ በተሳሳተ አወሳሰድ የሚቸገር ሕመምተኛ ብዙ ነው። ፓፍ ከመወሰዱ በፊት በደንብ ይናጣል። ሕመምተኛው አየሩን ቀስ ብሎ ያስወጣል፣ አፉን በዕቃው አፍ ዙሪያ ይገጥማል፣ በዝግታ መሳብ ሲጀምር አንድ ጊዜ ይጫናል፣ እስከ መጨረሻው ይስባል፣ ከዚያም ትንፋሹን እስከ 10 ሴኮንድ ይይዛል። ተቆጣጣሪውን መድኃኒት ከወሰደ በኋላ አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ይተፋል፤ ይህ በአፍ ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፈንገስና የድምፅ መጎርነንን ይከላከላል።

መጫንና መሳብን ማቀናጀት ለልጆችና ለአረጋውያን ከባድ ነው። ለዚህ በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ ይረዳል። ዕቃው በገበያ ካልተገኘ በተለምዶ “ሃይላንድ” የሚባለው የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይተካዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው፣ በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን በአስም ጥቃት የተያዙ ሕፃናትን ያካተተው ጥናት በ500 ሚሊ ሊትር ፕላስቲክ የተሠራው ዕቃ ፋብሪካ ከሠራው ጋር ተመጣጣኝ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። የታጠበና የደረቀ ፕላስቲክ ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፤ ፓፉ ይገባበትና ዙሪያው አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር ይታሸጋል። አንድ ጊዜ ተጭኖ ሕመምተኛው በጠርሙሱ አፍ በኩል 5 ወይም 6 ጊዜ በዝግታ ይተነፍሳል። በጥናቱ ላይ ዙሪያው ያልታሸገው ፕላስቲክ ውጤቱ ስለቀነሰ ማሸጉ መዘንጋት የለበትም። የመጀመሪያውን ዕቃ ሲያዘጋጁ የጤና ባለሙያ እንዲያየው ማድረግ ይመከራል።

ቀስቃሾችን መቀነስ

መድኃኒቱ እንዳለ ሆኖ ሕመሙን የሚቀሰቅሱ ነገሮችን መቀነስ ቁጥጥሩን ያግዛል። በገጠር በቀዳሚነት የሚነሣው የማዕድ ቤት ጭስ ነው። መስኮት በሌለው ቤት በኩበትና በጭራሮ እንጀራ የምትጋግር እናት፣ በጀርባዋ ያዘለችውም ሕፃን፣ ጭሱን በየዕለቱ ይተነፍሳሉ። ማዕድ ቤቱን ከመኝታው መለየት፣ ከጣሪያው ሥር የጭስ መውጫ መክፈት፣ ማገዶውን አድርቆ መጠቀም፣ ጭስ የሚቀንስ ምድጃ መሥራትና ሕፃናትን ከምድጃው ማራቅ የብዙ ገንዘብ ጉዳይ አይደለም።

በውቂያ ወቅት አስም ያለበት ሰው ከነፋሱ በላይ በኩል እንዲቆም፣ አፍንጫና አፉን እንዲሸፍን፣ ማበጠሩን ለሌላው ትቶ ሌላ ሥራ እንዲይዝ ቤተሰብ ሊተባበረው ይገባል። የሻገተ ድርቆሽና ገለባ መገልበጥ፣ ጎተራ መጥረግ፣ የነቀዝና የተባይ መድኃኒት መርጨትም እንዲሁ ለሌላ ሰው ቢተው ይመረጣል። የተባይ ኬሚካል በመኝታ ቤት ማስቀመጥ ለማንም አደገኛ ነው። ከብትና ዶሮ የሚያድሩበትን ከሰው መኝታ መለየት፣ መደብና ፍራሽን አዘውትሮ ፀሐይ ማስመታትም ይረዳል።

በከተማ ደግሞ የመንገድ አቧራ፣ የተሽከርካሪ ጭስ፣ ከሰል፣ ሽቶና ሲጋራ ተጠቃሽ ናቸው። በወፍጮ ቤትና በዳቦ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ዱቄቱ አስም ሊያስከትልባቸው ይችላል። ቡና ሲፈላ የሚጨሰው ዕጣን የሚቀሰቅስበት ሰው ቢኖር ጭሱን መተው ወይም በር ከፍቶ ከደጅ ማጨስ ይቻላል፤ ቡናውም ወጉም አይጓደልም። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና መሰል የሕመም ማስታገሻዎች በአንዳንድ የአስም ሕመምተኞች ላይ ጥቃት ስለሚያስነሡ መድኃኒት በሚገዙበት ጊዜ ሕመሙን ለባለሙያው መናገር ያስፈልጋል።

አደጋው ሲመጣ

የጥቃቱ ምልክት ሲጀምር ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ አይጋደም። ማስታገሻውን፣ የሚቻል ከሆነ በባዶው ዕቃ በኩል፣ አንድ በአንድ ከ4 እስከ 10 ጊዜ ይውሰድ፤ ካልተሻለው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ በየ20 ደቂቃው ይድገም። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከደበዘዘ፣ ሕፃን ከሆነም የጎድን አጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ማስታገሻው ካላሻለው ወይም ከተደናገረ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ፉጨቱ ጠፍቶ ሕመምተኛው እየደከመ ከሄደ መሻሻል ሳይሆን የባሰ ምልክት ነው። ለውጥ ይመጣ እንደሆነ በቤት ሆኖ መጠበቅ አይገባም፤ በመንገድ ላይም ማስታገሻውን እየወሰደ በፍጥነት ጤና ተቋም መድረስ አለበት።

ሁሉም ሳል አስም አለመሆኑንም ማስተዋል ይገባል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። የልብ ሕመምና ለረጅም ዓመታት በጭስ የተጎዳ ሳንባም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። አስም መሆን አለመሆኑን ጤና ጣቢያ ሄዶ ማረጋገጥ፣ ከተረጋገጠም በቀጠሮ ክትትል ማድረግ ተገቢ ነው። ሕመሙ ለ3 ወራት ያህል በጥሩ ቁጥጥር ሥር ከቆየ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀንስ ይችላል፤ ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ መቀነስ ወይም ማቋረጥ ግን አይገባውም።

“ሳይቃጠል በቅጠል” እንዲሉ የአስም ሕክምና ጊዜው ጥቃቱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ከአውድማው ማግስት ተቀምጦ የሚያነጋው አርሶ አደር በቤቱ ሆኖ አራቱን ጥያቄዎች ቢመልስ፣ መልሱንም ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ቢሄድ፣ የሚቀጥለውን የውቂያ ወቅት ሌሊቱን ተኝቶ ሊያሳልፈው ይችላል።